ከበሩ ጀርባ ያለው ሚስማር

ወደ ድሬዳዋ ተዛውረሻል ሲሉኝ ምንም አልተሰማኝም። ሰው ሁሉ «ሙቀቱ ይገድልሻል» እያለ ያስፈራራኝ ነበር። ሙቀት ምኔ ነው? ባሌን ከቤት ከወሰዱት አምስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ብርዱም ሙቀቱም ለእኔ አንድ ከሆነ ቆይቷል። ብዪ ሲሉኝ እበላለሁ፣ ተኚ ሲሉኝ እተኛለሁ። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ የሰው ደብዳቤ ስመታ እውላለሁ፤ ምን እንደመታሁ ማታ ብትጠይቁኝ ግን አንዲት መስመር አልነግራችሁም።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሳቢያን በሚባለው ሰፈር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይቼ ኖርኩ። በቀትር ሻማ እንኳ ቀጥ ብላ አትቆምባትም፤ ትጎብጣለች። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነች «ከዚራ አንዲት የባቡር ነጂ ሚስት የነበረች ባልቴት አለች፤ ዝምተኛ ሰው ትፈልጋለች። ካንቺ በላይ ዝምተኛ ከየት ይመጣል?» ያለችኝ። ቀልዷ ነው። ሄድኩ።

ከዚራን የማያውቅ ሰው ድሬዳዋን አላያትም። ደረቁን የደቻቱን ወንዝ ከገበያው ሰፈር ከመጋላ ወደዚህ ሲሻገሩት፣ ከአሸዋው ወጥቶ ጥላ ውስጥ መግባት ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ ከግራም ከቀኝም ገጥሞ ጣራ የሠራ። ባልቴቷ ያለችበት ቤት ድሮ አንድ ግሪክ ነጋዴ ያሠራው ፎቅ ነው። ግሪኩ ከሄደ ቆይቷል፤ ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌው ወሰደውና ቤተሰብ በቤተሰብ አካፈለው። የባልቴቷ ድርሻ ላይኛው ፎቅ ነበር፤ አንድ ሳሎን፣ አንድ ክፍልና ወደ መንገዱ የወጣ የእንጨት በረንዳ። ደረጃው ከውጭ ነው። ወለሉ ሰማያዊ አበባ የተሣለበት ሸክላ ነው፤ በባዶ እግር ሲረግጡት በቀትር እንኳ ይቀዘቅዛል።

በሩን ከፍታ ስታየኝ ራሴን ዝቅ አድርጌ «እንደምን ዋሉ፣ እማማ?» አልኳት።

«ዋሉ? ማን ማን ነው የዋለው? እኔ ብቻዬን ነኝ አቦ!» አለች። «ኮቱ፣ ነይ ግቢ። አንቱታሽን ደንገጎ ዳገት ላይ ጥለሽው ውረጂ። ድሬ ውስጥ አንቺ ነው የምንባባለው።»

እኔ ደግሞ እናቴ የምታህል ሴት አንቺ ብዬ አላውቅም። ለመልመድ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። አንዴ ከለመድኩት በኋላ ግን መመለስ አልቻልኩም፤ እዚህም የምጽፈው እንደዚያው ነው።

የምታከራየኝ ክፍል የልጇ ነበረች። ልጁ የባቡር ጋራዥ ሠራተኛ ነበር፤ ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት የጅቡቲውን ባቡር ተሳፍሮ ሄደና በዚያው ቀረ። ደብዳቤ የለ፣ መልእክት የለ። አልጋው ተነጥፏል። ከበሩ ጀርባ ትልቅ ሚስማር ላይ ሰማያዊ የሥራ ጃኬቱ ተሰቅሏል። መስኮቱን ስትከፍተው በረንዳው ላይ ያ ቀይ አበባ የሚያፈሰው ዛፍ ቅርንጫፉን አግብቶ አገኘሁት። እኛ አገር «የድሬዳዋ ዛፍ» የምንለው ነው፤ እዚህ ዛፍ ብቻ ነው የሚሉት። የባቡር ጣቢያው ፊሽካ ተነፋ። እኔም ክፍሏን ፈለግኋት። ስንት ዓመት ሙሉ ምንም ነገር ፈልጌ ስለማላውቅ፣ መጀመሪያ ምን እንደሆንኩ አልገባኝም፤ ያመመኝ ነበር የመሰለኝ።

«ልጄ የመጣ ቀን ትወጫለሽ» አለች። «ጠዋት ከመጣ ጠዋት፣ ማታ ከመጣ ማታ።»

«እሺ።»

«ያንን አትንኪ» ጃኬቱን በአገጯ አሳየችኝ። «ሚስማሩም የሱ ነው። ልብስሽን ወንበር ላይ አድርጊ።»

እሺ አልኩ። በዚያው ሳምንት ሻንጣዬን በጋሪ ጭኜ ገባሁ። የቀበሌ ቤት ማከራየት ክልክል ስለነበር ለጥበቃው «እንግዳዬ ናት» አለችው፤ እንግዳ ሆኜ ስምንት ወር ተቀመጥኩ።

ምላሷ ስለት ነበር። መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሁሉ ከበረንዳው ላይ ሆና በኦሮምኛም በሱማልኛም በአማርኛም ትለክፈዋለች፤ አንዱን ቋንቋ ጀምራ በሌላው ትጨርሰዋለች። እኔን «አስክሬን» ትለኝ ነበር። «አስክሬን፣ ሻሂ ትጠጫለሽ?» እጠጣለሁ። «አስክሬን፣ ዛሬስ ሳቅሽ?» አልሳቅኩም። በከሰዓቱ ሙቀት ከተማው ሱቁንም መሥሪያ ቤቱንም ዘግቶ ሲጋደም፣ ሁለታችን ሳሎኑ ወለል ላይ እንቀመጣለን፤ እሷ ጫቷን እየቀጠፈች፣ እኔ ግድግዳውን እያየሁ።

ባሌን የጠየቀችኝ በአንዱ እንዲህ ያለ ከሰዓት ነው።

«ባልሽስ?»

«ሞቷል።»

«አላህ ይርሐመው። በምን?»

«በዚያን ጊዜ።»

በዚያን ጊዜ ያለን ሰው ማንም ሁለተኛ አይጠይቅም። እሷም አልጠየቀችም።

እውነቱን ልናገር። መሞቱን አላውቅም። «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለው በነጠላ ጫማው ወሰዱት፤ አልተመለሰም፤ ነው ይኼው። ስንቅ ይዤ የሄድኩበት በር ሁሉ «እዚህ የለም» አለኝ። ሁለት ዓመት እንዲህ ቆይቼ የሥራ ማኅደር ሲታደስ፣ የጋብቻ ሁኔታ የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። የሠራተኛ ጉዳዩ ሰው አዘነልኝ መሰለኝ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ያለበት አይታወቅም ብለሽ አትጻፊ፤ ጣጣ ነው። ሞቷል በዪና ተገላገዪው» አለኝ። ጻፍኩ። ሦስት ፊደል ናት። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ነው የደነዘዝኩት፤ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ አይደለም።

ሌላ ቀን ደግሞ ስለ መርዶ አነሣን። «እናንተ ደገኞች ሰው ሲሞት አትናገሩም አሉ፤ እውነት ነው?» አለችኝ። እኔም የአያቴን ሞት ነገርኳት። እናቴ አራስ ስለነበረች አርባ ቀን ሙሉ ደበቋት። ዘመድ ይመጣል፣ «ትንሽ አሟቸዋል» ይላል፣ ይሄዳል። በመጨረሻ አክስቴ አንድ ማለዳ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባችና ምንም ሳትናገር ቆመች። እናቴ ነጠላውን አየችና ጮኸች። ሞቱ የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም።

ሳቀች። «ወይ ጉድ! እኛ ጋ ጠዋት የሞተ ለዙህር ሶላት ተቀብሮ ያልቃል። አስክሬኑ ከቤት ሳይወጣ ወሬው መጋላን ዞሮ ይመለሳል።» ከዚያ ግን ሳቋን ተወችው። «ደግ ነው ግን፣ ወላሂ። በዓይን ማሳየት ደግ ነው። ጆሮ ክፉ ነው፤ አንዴ ከሰማ አይመልስም።»

በዚያ ዓመት መሠረተ ትምህርት ገብታ ነበር። አሥር ሰዓት ሲሆን ደብተሯን በፌስታል ይዛ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ትወርዳለች። «ሀ ሁ ካላልሽ ስኳር የለም አሉኝ። ስኳር ለመላስ ፊደል መላስ!» ትላለች። የሱቅ ሰሌዳ ሲያጋጥማት መንገዱ መሐል ቆማ ጮክ ብላ አንድ አንድ ፊደሉን ትቆጥረዋለች፤ ጋሪ ነጂ ይጮህባታል፣ እሷም መልሳ ትጮህበታለች። እኔ ትልልቅ የታተመ ፊደል ብቻ እንጂ የእጅ ጽሑፍ የምታነብ አይመስለኝም ነበር።

የስኳሩም ነገር ቀላል አልነበረም። በቀበሌው የቤተሰብ ቅጽ ላይ የሰፈሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እሷና ልጇ። የሁለት ሰው ስኳር ትወስዳለች። የልጇን ድርሻ ግን አትነካውም ነበር፤ በትልቅ የወተት ዱቄት ጣሳ እያጠራቀመች «ሻሂ ሲጠጣ አራት ማንኪያ ነው የሚያደርገው» ትላለች።

ከዚያ ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና በሰፈሩ ዞረች፤ ነዋሪ ሁሉ እንደ አዲስ ይመዘገባል። ባለቤቱ የሌለበት ክፍል ለቤት ጠያቂ ይሰጣል። በሳምንቱ ከቤት ኮሚቴው አንድ ሰው ማኅደር ታቅፎ መጣ። ክፍሌን አየ፣ በረንዳውን አየ፣ ጃኬቱን አየ። «የማን ነው?» አለ።

«የልጄ» አለች።

«የት ነው ያለው?»

«ይመጣል።»

ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም። ስሸኘው ደረጃው ላይ ቆም አለና ዝቅ ባለ ድምፅ «እህት፣ እንነጋገር» አለኝ። «ኮብልሎ ከሆነ ለእሷም ለቤቱም ጣጣ አለው። ሞቶ ከሆነ ይሰረዛል፣ ያልቃል። አንቺም በደባልነት ትመዘገቢያለሽ፤ ክፍሏም ያንቺ ትሆናለች። ቅጹን የምትሞዪላት አንቺ አይደለሽም? አስቢበት።» ደባል የሚባለው በሌላ ሰው ቤት ሕጋዊ ሆኖ፣ ኪራይ ተጋርቶ የሚኖር ነው። ሳልመዘገብ ብቀር ወደ ቆርቆሮዬ ልመለስ ነው።

ቅጹን የሞላነው እሑድ ጠዋት ሳሎን ውስጥ ነው። የእሷን ጻፍኩ። የልጁን ስም ጻፍኩ። ያለበት ሁኔታ የሚገለጽበት፣ ምርመራ የሚለው ሳጥን ላይ ደረስን።

«ገጠር ነው፣ ቢዮ አዋሌ አጎቱ ጋ ነው በይ» አለች። «ፍየል ይነግዳል በይ።»

«የገበሬ ማኅበሩን ይጠይቃሉ እኮ።»

«ይጠይቁ! ጻፊ አልኩሽ አቦ!»

አጎነበስኩና ጻፍኩ። ቢዮ አዋሌ ብዬ አይደለም። ሞቷል ብዬ። ጽሑፌ ያምራል፤ ሦስቱም ፊደል ከመስመሩ አልወጣም። ለእሷ ብዬ ነው፣ ቤቷን እንዳይነጥቋት ነው እያልኩ ነበር በሆዴ። ውሸቴን ነው። ለበረንዳው ነው። ለዚያ ለሚቀዘቅዝ ወለል፣ ለዚያ ለዛፉ ቅርንጫፍ ነው። የሰው ልጅ ለጥላ ሲል ምን እንደሚያደርግ ያየሁት በራሴ ነው።

የጣት ቀለሙን ሳቀርብላት ገፋችው። «ለምን ተማርኩ?» ብላ እስክሪብቶዋን ከደብተሯ መሐል አወጣች። ከዚያ ቅጹን ወደ ራሷ ሳበችው፤ ጣቷን ከላይኛው መስመር ጀምራ አስኬደች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ምርመራው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። በጣም ቆየች። ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔ የወለሉን አበባ አየሁ። አንብባው ይሆን ብዬ አልፈራሁም፤ ኧረ አትችልም አልኩ። ስሟን ጻፈች፤ የመጨረሻው ፊደል ከመስመሩ ወጣ።

«ውሰጂው» አለች።

ሰኞ ወሰድኩት። ማኅተም ተመታበት። የስኳር ካርዱ በአዲስ ተለወጠ፤ እንደ ቀድሞው ለሁለት ሰው ነው፤ እሷና እኔ።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ጃኬቱ ከበሩ ጀርባ የለም። ታጥቦ በረንዳው ላይ ይንጠባጠባል። በነጋታው ከበረንዳውም የለም። አልጠየቅኋትም፤ ዝም አይነቅዝም። እሷ እነዚያን ቀናት አስክሬን ብላ አልጠራችኝም፤ መንገደኛም አልለከፈችም። ሚስማሩ ባዶውን ሁለት ቀን ዋለ። ሐሙስ ዕለት ቀሚሴን ሰቀልኩበት። ደስ አለኝ ማለት ይከብደኛል፤ ግን ከበሩ ጀርባ የራሴን ልብስ ሳይ እዚህ የምኖር ሰው መሰልኩ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ለምሳ ስመጣ ደረጃው ከታች እስከ ላይ ጫማ ሞልቶታል። ግማሽ ደረጃ ላይ የምታውቀኝ የጎረቤት ሴት ስትወርድ አገኘችኝ።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«ልጇ ነዋ! ሞቷል። ከመንግሥት ወረቀት መጣላት እኮ፣ አልሰማሽም?»

ልመለስ ነበር። ግን ከላይ አይተውኝ ነበርና ወጣሁ። ሳሎኑ በሴት ተሞልቷል፤ በረንዳው ላይ ሽማግሌዎች ቁርኣን ይቀራሉ። እሷ ነጭ ሻሿን እስከ ግንባሯ አስራ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ እጄን ይዛ ሳበችና ጎኗ አስቀመጠችኝ።

«እሷ ናት ያረዳችኝ» አለች ለሴቶቹ። «እንደ ሀገሯ ነው ያረዳችኝ። መሥሪያ ቤቷ ሰምታው፣ ስንት ቀን በሆዷ እንደያዘችው አላህ ነው የሚያውቀው። በአፏ ልታወጣው አልቻለችም፤ ጻፈችና በዓይኔ አሳየችኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሰባት ዓመት ድፍን ድሬ ጅቡቲ ነው፣ ጅዳ ነው እያለ ሲያታልለኝ፣ ይቺ የሰው አገር ሰው እውነቱን አሳየችኝ።»

ሴቶቹ መረቁኝ። አንዷ እጄን ይዛ ሳመችው። «አላህ ሰብር ይስጥሽ፣ አንቺም ደክመሻል» አለችኝ። አፌን ብከፍት ምን ልል ነበር? ውሸቴን ነው፣ ክፍሉን ፈልጌ ነው ልበል? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት? ማኅተም በተመታበት ቅጽ? ሆድ ይፍጀው አልኩ። ሦስት ቀን ውሃ ቀዳሁ፣ ሻሂ አቀረብኩ፣ ብርጭቆ አጠብኩ። ከጣሳው የልጁን ስኳር ለለቀስተኛው ያወጣሁት እኔ ነኝ። «ምን ያለች ደግ ልጅ ናት» ሲሉ ሰማሁ፤ ፊቴ ጋለ። አፈርኩ። ከስንት ዓመት በኋላ መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር ይኸው ነው፤ ሀፍረት።

በአራተኛው ቀን ሰዉ ተበተነ። ከሰዓቱ ሙቀት ላይ እንደ ድሯችን ሁለታችን ሳሎኑ ወለል ላይ ቀረን። ፊቷ ተለውጦ ነበር፤ አርፏል።

«ሌሊቱን ሳልነቃ አደርኩ» አለች። «ሰባት ዓመት ያ ፊሽካ በተነፋ ቁጥር ልቤ ዘላ ጣቢያ ትሄድ ነበር። የሞተስ ተጎዳ፤ እኔ ግን ተኛሁ።» ከዚያ «የአንቺንስ ማን አረዳሽ?» አለችኝ።

«ማንም።»

«ታዲያ በምን አወቅሽ?»

ልዋሻት እችል ነበር። ምናልባት ደክሞኝ ነው፤ ምናልባት እጄን የሳመችው ሴት ትዝ ብላኝ ነው። «ጻፍኩት» አልኳት።

«ምን ማለት ነው ጻፍኩት?»

«ቅጽ ላይ። ይሻልሻል አሉኝ፤ ሞቷል ብዬ ጻፍኩ።»

«አስክሬኑን አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«ያየ ሰው አለ?»

«የለም።»

እኔም ቀጣዩን ጥያቄ ጠበቅኩ፤ ብትጠይቀኝ ልነግራት ቆርጬ ነበር። ይህን እንኳ እመኑኝ። አልጠየቀችኝም። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትመለከተኛለች፤ እንዲያ አድርጎ ያየኝ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም። በዚያ መሐል ከጣቢያው ፊሽካ ተነፋ። አንገቷ ዞረ። ራሷም አላወቀችውም መሰለኝ፤ ጣቢያው ወዳለበት ዞረና እንደዚያው ቀረ። እንቅልፏን የሰጠኋትም የነሣኋትም እኔ ነኝ።

«ተነሺ» አለች በመጨረሻ፣ ሳታየኝ። «ሥራ ይረፍድብሻል።»

ሄድኩ። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ ደብዳቤ መታሁ። ሻንጣዬ ደረጃው ሥር ወጥቶ እንደማገኘው እርግጠኛ ነበርኩ፤ ሳቢያን የሚያስገባኝ ሰው ማን እንደሆነም አስቤ ጨርሻለሁ። ስደርስ ሻንጣው የለም። በሩ ክፍት ነው። ቀሚሴ ታጥፎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ የልጁ ሚስማር ባዶ ነው። ከጎኑ፣ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብሎ፣ ሌላ አዲስ ሚስማር ተመትቷል። አጣምማ ነው የመታችው፤ ኖራው ተፈርፍሮ ወለሉ ላይ ፈሷል።

ለእኔ ያዘጋጀችልኝ መሰለኝ። ደነገጥኩም፣ ደስም አለኝ። ቀሚሴን አንሥቼ ልሰቅለው ስል ከሳሎኑ ድምፅዋ መጣ።

«እሱንም ተዪው፣ አስክሬን። ያንቺ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«የባልሽ ነው» አለች። «ሲመጣ የሚሰቅልበት ይፈልጋል።»

ቀሚሴን ወንበሩ ላይ መለስኩት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና፣ አምስት ዓመት ያላለቀስኩትን፣ መስኮቱ ክፍት መሆኑንም ረስቼ፣ መንገደኛው እስኪሰማኝ ድረስ አለቀስኩ።